ደወሌ ላይ የፈሰሰው በረዶ

እስቲ እዩአቸው፣ ከጅቡቲ ባቡር የሚወርዱትን ሴቶች። በቀደም ከዚሁ ጣቢያ ሲሳፈሩ ሸንበቆ የሚያካክሉ ነበሩ። ዛሬ ሲመለሱ የፉርጎው በር አላሳልፍ ብሏቸው በጎን ይወጣሉ። ጅቡቲ ምን ቢያበሏቸው ነው እንዳትሉ! ቀሚስ በቀሚስ ደርበው፣ ወገባቸው ላይ ሻሽ ጠምጥመው፣ ጭናቸው ላይ ሽቶ አስረው ነው። ቤት ገብተው አንድ ባንድ ሲያወልቁ መጨረሻ ላይ ያቺው ቀጭን ሴትዮ ትወጣለች። መንግሥት «የኢኮኖሚ አሻጥረኞች» ይላቸዋል። ድሬዳዋ ደግሞ እነሱ ያመጡትን ለብሳ የአብዮት በዓል ሰልፍ ትወጣለች። የቀበሌው ሊቀመንበር እነሱን ለማውገዝ መድረክ ላይ ሲወጣ የለበሰው ሸሚዝ በማን ወገብ ተጠምጥሞ እንደመጣ አገር ያውቃል። እሱም ያውቃል። ወዲያው ሸሚዙን እያስተካከለ «ይውደሙ!» ይላል።

ቢላን ከነዚህ ሴቶች አንዷ ነበረች። መጋላ ነው ቤቷ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው ጠባብ መንገድ ውስጥ። ባሏ ፋራህ የባቡር ሠራተኛ ነበር። በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ድልድይ ሲፈነዳ ከፉርጎው ጋር እዚያው ቀረ። ልጃቸው ዑግባድ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። ቢላን ያለቀሰችውን አልቅሳ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ባቡር ላይ ወጣች። ባሏን የበላው ሐዲድ እሷን ያብላት እንጂ ሌላ ማን ያበላታል? ራሽን ሱቅ? ሳሙና ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ «አልቋል» የሚባልበት?

ይሄ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ወደ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ግድም ነው። ዑግባድ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ምላሷ ግን አርባ ያለፈው። ቢላን ከጅቡቲ ቀይ ቀሚስ ይዛላት መጣች። ትከሻው ልክ፣ ርዝመቱ ልክ። ሆዷ ላይ ሲደርስ አልዘጋ አለ። ስትጎትተው ቁልፉ ተበጥሶ ግድግዳ መታ።

«ምን ደብቀሽ ነው አንቺ?» አለቻት። ወገብ ላይ ዕቃ ሲጠመጠም ዕድሜዋን ያየች ሴት ሌላ ምን ይታያት?

«ምንም አልደበቅኩም ሆዮ፤ የኔው ሆድ ነው» አለች ልጅቱ። ሆዮ ማለት በነሱ ቋንቋ እማዬ ነው።

ቢላን እጇን ከቀሚሱ ሥር አስገባች። ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ የማንጎ ፍሬ የሚያክል ጠንካራ ነገር አገኘች። ሲጫኑት አይገባም፣ ሲነኩት አያምም። እንደ ድንጋይ።

«ጣፊያ ነው» አለች ጎረቤቷ ማዘንጊያ። ድሬዳዋ ውስጥ ያበጠ ሆድ ሁሉ ጣፊያ ነው። ወባ የማይነካው ቤት ስለሌለ ሰዉ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። ጣፊያ ያለው በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ነው፤ ይሄ ያለው ከእምብርት በታች። ግን ማን ዳብሶ ያውቃል! ልጅቱ የወባ ኪኒን ዋጠች፤ ጉብታው ጨመረ። አንድ ዘመድ ደግሞ ከገጠር መጥቶ «ብረት ግሎ ሆዷ ይተኮስ» አለ። እዚህ ላይ ዑግባድ ራሷ መለሰች።

«መጀመሪያ ያንተን ቦርጭ ተኩሰህ አሳየኝ!»

ሰውዬው ተቆጥቶ ሄደ። ቢላን በማግስቱ ልጇን ሐኪም ቤት ወሰደቻት።

ሐኪሙ ዶክተር ጥሩሰው ይባላል። የደጋ ሰው ነው፣ ውጭ አገር ተምሮ ገና መመለሱ ነበር። ድሬዳዋ የመጣ ሰሞን ሰውን ሁሉ «እርስዎ» ሲል ሰው ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ ይመስለው ነበር።

«አንተ ዶክተር፣ ቀጥ አርገህ ንገረኝ አቦ። ጣፊያ ነው?»

«አይደለም። እርስዎ...»

«እርስዎን ተወውና የልጄን ንገረኝ!»

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ልጅ ገና ማኅፀን ውስጥ ሳለ፣ ወደፊት ዘር እንዲሆኑ የተለዩ ሕዋሳት አሉት። ወንዱም አለው፣ ሴቷም አላት። አንዳንዴ እነዚህ ሕዋሳት መንገድ ስተው ዝም ብለው ይባዛሉ። ዕጢ ይሆናሉ። የዑግባድ የተነሳው እንቁላል ከሚያመርተው ቦታ ነው፣ በቀኝ በኩል ካለው። ክፉው ዓይነት ነው። ካንሰር ነው።»

«ካንሰር የሽማግሌ አይደለም እንዴ? ሕፃን ይይዛል?»

«ይይዛል።»

«ማነው ያደረገባት? ዓይን ነው? እኔ ነኝ? ብዙ እሄዳለሁ፣ ብቻዋን ትውላለች...»

«ማንም አይደለም። እርስዎም አይደሉም። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ከካንሰር ሁሉ ለመድኃኒት ቶሎ እጃቸውን ከሚሰጡት አንዱ ይሄ ነው።»

ቢላን ቀና አለች። «እጁን ይሰጣል?»

«በጊዜ ከተያዘና መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ከተሰጠ፣ አዎ።»

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ ዋሪያ? ያዘው!»

ያዘው። ሆዷን ከፍቶ ዕጢውን ከነተነሳበት ቦታ አወጣ፤ በግራ በኩል ያለውን ጤነኛውን ሳይነካ ተወላት። ወደፊት ልጅ ልትወልድ የምትችለው በዚያ በቀረው ነው። ቢላን ይሄን ሦስቴ አስደግማዋለች። ግን የዕጢው ፍንጣሪ ወደ ጀርባ በኩል ዘልቆ ነበርና በቢላ የማይደረስበትን በመድኃኒት ማሳደድ ግድ ሆነ። ሦስት ዓይነት መድኃኒት፣ በደም ሥር፣ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ዙር። መድኃኒቱ ኩላሊቷን እንዳይጎዳ ግሉኮስ ይንጠለጠልላታል፣ ሽንቷ በጆግ ይለካል። «እናቴ ሽቶ ትለካለች፣ እናንተ ሽንት» ትላቸው ነበር ነርሶቹን። ታስመልሳለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ትሳደባለች። መሳደብ ስትጀምር ነው ቢላን እህል የምትቀምሰው።

ፀጉሯ ረገፈ። የሰፈሩ ልጆች «መላጣ! መላጣ!» እያሉ ሲከተሏት ሁለት ቀን አልቅሳ በሦስተኛው ቀን በራፍ ላይ ተቀመጠችና ራሷን መንካት ለሚፈልግ አንድ ከረሜላ አስከፈለች። ተሰለፉ! የራሽን ሱቁን የሚያስንቅ ሰልፍ። የእናቷ ልጅ አይደለች? «ለእኔ ግን ከጅቡቲ ሻሽ አምጪልኝ፣ ባለ ወርቅማ ጠርዙን» ብላ እናቷን አዘዘች።

ከአጠገቧ አልጋ ላይ ሙመድ የሚባል የጀልዴሳ ልጅ ነበር። እሱም ሆዱ ውስጥ ዕጢ ነበረበት። አባቱ ዓመት ሙሉ ሲያስተኩሰው ኖሮ ቆዳው ጠባሳ በጠባሳ ከሆነ በኋላ ነው ያመጣው። ዶክተሩ ያንን ሆድ ሲያይ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። ሙመድ ለዑግባድ የአገሩን ፍየሎች በስም በስም ይነግራት ነበር። አንድ ጠዋት ስትነቃ አልጋው ባዶውን ተነጥፎ ነበር፤ ሌሊት አርፎ። ለአባቱ አልፈርድም፤ ማን ነገረው? ጀልዴሳ ድረስ መፈክር የሚሰቅል ሰው ተልኳል፤ ያበጠ ሆድ ምን እንደሆነ የሚናገር ሰው ግን አልተላከም።

እንዲህ እያለ ነው መድኃኒቱ ያለቀው።

ዶክተሩ ከተማረበት አገር ሲመለስ በሻንጣው ይዞት የመጣው ነበር። ሁለት ዙር ሰጣትና ሻንጣው ባዶ ሆነ። ለመንግሥት መድኃኒት መጋዘን ጻፈ። «በዕቅድ አልተያዘም» አሉት። አያችሁልኝ? በሽታው ዕቅድ ጠይቆ የመጣ ይመስል! ለሰልፍ የሚውል ቀይ ጨርቅ በዕቅድ ተይዟል፣ ለድምፅ ማጉያ ባትሪ በዕቅድ ተይዟል፣ የአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሕይወት ግን የመጪው ዓመት ዕቅድ እስኪወጣ ይጠብቅ!

«ዙሩ ከዘገየ የቀረው ዕጢ ያንሰራራል» አላት ዶክተሩ። «ያን ጊዜ ይሄው መድኃኒት እንኳ ላይሠራለት ይችላል። ጅቡቲ አብሮኝ የተማረ ሐኪም አለ። ለቀሩት ዙሮች የሚሆነውን አዘጋጅቷል። ግን ማን ያመጣዋል?»

ቢላን ሳቀች። በወራት ውስጥ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት። «ዶክተር፣ አንተ ገና ድሬን አላወቅካትም።»

«አይ፣ በድብቅ አይደለም! ፈቃድ አጽፌያለሁ፣ ማኅተም አለው። በግልጽ ይዘውት ያልፋሉ። ሁለቱ መድኃኒቶች በረዶ ውስጥ መሆን አለባቸው፣ ሙቀት ያበላሻቸዋል። ሦስተኛው ደግሞ ብርድ አይወድም፣ እሱ በቦርሳ ይሁን። ሰውነትዎ ላይ እንዳያስሩት! የሰው ገላ ሙቀት ነው።»

«በግልጽ?» አለች ቢላን። ዶክተሩ ራቁትሽን ሂጂ ያላት ያህል ነው የደነገጠችው። ሰውነቷ ላይ ሳታስር ደወሌን አልፋ አታውቅም። ደወሌ የድንበሩ ጣቢያ ነው፣ ፊናንስ ፖሊስ ባቡሩን አስቁሞ የሚፈትሽበት።

ሄደች። የጅቡቲው ሐኪም የሁለቱን መድኃኒቶች ብልቃጦች ሰፊ አፍ ባለው ፔርሙዝ ውስጥ በበረዶ ሞልቶ ሰጣት፤ ሦስተኛውን በቦርሳዋ ያዘች። ጓደኞቿ ከዚያው ገበያ ሲጠመጥሙ እሷ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ምላ መጥታለች፣ ዛሬ ምንም አልይዝም ብላ። ግን ባቡሩ ሊነሳ ሲል አንድ ሻጭ ባለ ወርቅማ ጠርዝ ሻሽ በመስኮት አውለበለበባት። ልጇ ያዘዘችው ነው። ገዛችው። ጥሩ። ታዲያ ከፈቃዱ ወረቀት ጋር ቦርሳ ውስጥ ብታስገባው ምን ነበረበት? አንድ ሻሽ ማን ይጠይቃታል? እጇ ግን ለብዙ ዓመት የለመደውን ነው የሚያውቀው። ሳታስበው ከቀሚሷ ሥር ወገቧ ላይ ጠምጥማ ቋጠረችው።

ደወሌ ላይ አሥር አለቃ ገብረ መድኅን መፋቂያውን እያኘከ ገባ። ከቢላን ጋር ለዓመታት ሲደባበቁና ሲፈላለጉ የኖሩ ናቸው። ሲይዛት ይወርሳል፣ ሲያመልጠው ባርኔጣውን ያነሳላታል።

«ቢላን! ምነው ዛሬ ቀጠንሽ? አመመሽ እንዴ?»

«ዛሬ መድኃኒት ነው የያዝኩት። ይኸው ፔርሙዙ፣ ይኸው ወረቀቱ፣ ማኅተም አለው።»

አሥር አለቃው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «አንቺ ነሽ በገዛ አፍሽ ይሄን ይዣለሁ የምትይኝ?»

«አዎ።»

«ዛሬ ገና ፈራሁሽ» አለና ጮኸ። «ወይንሸት! ነይ እስቲ ፈትሺልኝ ይቺን ሴትዮ። ፔርሙዝ እያሳየችኝ ሌላ ነገር ልታሳልፍ ነው!»

ሴት ፈታሿ ወይንሸት መጣች። እጇ የቢላን ወገብ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሳበችው፤ ሻሹ ወርቅማ ጠርዙን እያብረቀረቀ ወጣ። ፉርጎው ሙሉ ሳቀ።

«ይኸውላችሁ የመድኃኒቷ ማሸጊያ!» አለ አሥር አለቃው።

«ለልጄ ነው ወላሂ! ራሷ መላጣ ነው!»

«የኔም ራስ መላጣ ነው፣ ለኔ ለምን አላመጣሽም?»

ከዚያ በኋላ ማን ይሰማታል? ከባቡር አወረዷት። ቦርሳዋ ተገለበጠ፤ ሦስተኛው መድኃኒት ደግነቱ አልተሰበረም። ዳቦዋ ተገመሰ፣ የጫማዋ ሶል ተላጠ። በመጨረሻ አሥር አለቃው ፔርሙዙን አነሳ።

«እዚህ ውስጥ ምንድነው?»

«አትክፈተው! በእናትህ አትክፈተው፣ ሙቀት አይወድም!»

«ወርቅም ሙቀት አይወድም» አለና አሸዋው ላይ ገለበጠው።

የደወሌን አሸዋ የረገጠ ያውቀዋል። በረዶው መሬት ነክቶ ወዲያው ውሃ፣ ውሃው ወዲያው እርጥበት፣ እርጥበቱ ወዲያው ምንም ሆነ። ትናንሾቹ ብልቃጦች ከነመጠቅለያቸው በአሥር አለቃው መዳፍ ላይ ቀሩ። አገላበጣቸው። ወርቅ የለም። ያኔ ነው ወረቀቱን የዘረጋው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ ዑግባድ ፋራህ፣ ዕድሜ ዘጠኝ፣ የሕፃናት ካንሰር። ድጋሚ አነበበው። መፋቂያው ወደቀ።

«ለምን... ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ!»

«አንቺ ስትነግሪኝ ማን ያምናል!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁሉም ሲዋሽ በሚኖርበት አገር እውነት የተናገረ ቀን ነው ሰው የሚበረበረው። ሳሙና መሸጥ ወንጀል ባይሆን ቢላን ወገቧ ላይ ማሰርን ከየት ትማረው ነበር?

አሥር አለቃው በረዶ ፍለጋ ሮጠ። ደወሌ ላይ በረዶ! ሻይ ቤቱን ጠየቀ፣ ሳቁበት። ባቡሩ ፊሽካውን ነፋ። ቢላን ብልቃጦቹን ቀሚሷ ጥላ ውስጥ ይዛ ቁጭ ብላለች፤ ማልቀስ እንኳ ረስታ። ከዚህ ድሬ ድረስ ያለው ሙቀት ድንጋይ የሚሰነጥቅ ነው።

በዚያው ጣቢያ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን ባቡር የምትጠብቅ ኹርሲ የምትባል ጫት ነጋዴ ነበረች፣ በጫት እስሯ ላይ ተቀምጣ። ከደንገጎ በኩል የተቆረጠ ጫት ያን በረሃ አቋርጦ ጅቡቲ ሲደርስ ቅጠሉ ካልጠወለገ የሚገዛው የለም። ስለዚህ ጫት ነጋዴ ሁሉ ጆንያ ታርሳለች፣ ነፋስ ታስመታለች፣ ሲደርቅ እንደገና ታርሳለች። ኹርሲ ከእስሯ ላይ የራሰውን ጆንያ ገፈፈችና ወረወረችላት።

«ጠቅልይው አቦ! ከመስኮት ውጪ አንጠልጥይው፣ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። ብቻ እንዳይደርቅብሽ!»

«ጫትሽስ?»

«ጫቴ ይጠውልግ! ጅቡቲዎች ለአንድ ቀን ጎመን ያኝኩ!»

ቢላን ሮጣ ተመልሳ ተሳፈረች። አሥር አለቃው አንድ ጀሪካን ከነውሃው አምጥቶ በመስኮት አቀበላት። ሻሹንም። «ይሄን አላየሁም» አለ።

ብልቃጦቹን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በጫት ቅጠል፣ ቅጠሉን በራሰው ጆንያ ጠቅልላ ክንዷን ከመስኮት አወጣች። ባቡሩ ሲነጉድ ነፋሱ ጆንያውን ይመታል። ቀኝ ክንዷ ሲዝል በግራ ትቀይራለች፤ ግራው ሲዝል አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ትይዝላታለች። ከአይሻ ሳይደርሱ የጀሪካኑ ውሃ አለቀ። ያኔ ከወዲያ ጥግ አንድ ሽማግሌ ለሶላት የሚታጠብበትን የውዱእ ማሰሮውን አቀበለ። አንዲት እናት የልጇን ጡጦ ጨመቀች። በዚያ መስመር ላይ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። እነዚያ ወገባቸው የወፈረ አሻጥረኞች ሁሉ የሚጠጡትን ውሃ ጆንያ ላይ አፈሰሱ። አንድ ካድሬ ብቻ ሱሪው ላይ ሲንጠባጠብበት፣ «ጓዶች፣ ይሄ ሥርዓት አልበኝነት ነው!» አለ።

«ጓድ፣ ውሃ ነው እንጂ እሳት አይደለም» አለችው ቢላን። «ይልቅ ኮዳህን አምጣ።»

ፉርጎው ሙሉ አየው። ኮዳውን አመጣ።

አዲጋላ ላይ ቀዱ፣ ሽንሌ ላይ ቀዱ። ድሬ ሲደርሱ ቢላን ክንዷን ማጠፍ አቅቷት እንደተዘረጋ ሐኪም ቤት ገባች። ዶክተር ጥሩሰው ጆንያውን ፈታ፣ ቅጠሉን አየ፣ ቢላንን አየ፣ ብልቃጦቹን ጉንጩ ላይ አስነካ። ብርሃን ላይ አገላብጦ ቀለማቸውን መረመረ። የቢላን ነፍስ በዚያች ቅጽበት የት እንደነበረች አታውቀውም።

«ስንት ሰዓት ከበረዶ ውጪ ነበሩ?»

ነገረችው። ምንም ሳትቀንስ፣ ሻሹንም ጨምራ።

«ለአጭር ጊዜ ከበረዶ ቢወጡ ይችሉታል። የሚገድላቸው እንዲያው ፀሐይ ላይ መቅረት ነበር» አለ። «ቀዝቅዘዋል። ይሰጣታል። ነርስ! ግሉኮስ ስቀሉ!»

«አንተ ዶክተር...» ብላ ጀምራ መጨረስ አልቻለችም። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ዑግባድ ከአልጋዋ ሆና፣ «ሆዮ፣ ጫት ጫት ትሸቺያለሽ» አለቻት።

አንድም ዙር ሳይዘለል ሕክምናው ተጠናቀቀ። ዕጢው ደም ውስጥ የሚለቀው ነገር አለ፣ ደሟ ለምርመራ አዲስ አበባ እየተላከ ሲታይ ቀንሶ ቀንሶ ጠፋ። ፀጉሯ ከበፊቱ ጠቁሮ በቀለ፤ የከረሜላ ንግዷ ከሰረ። ሁለት ዓመት አለፈ፣ ዶክተሩ «ከዚህ ወዲያ መመለሱ እምብዛም ነው» አለ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከወንዶች ጋር ኳስ ስትራገጥ አይቻታለሁ፤ ግብ ጠባቂውን እየተሳደበች።

እኔ ግን ንዴቴ አልበረደም። ለዑግባድ አንድ ፉርጎ ሙሉ ሰው ውሃውን አፈሰሰላት። ሙመድን ግን ማንም በጊዜ አልዳበሰውም። የሁለቱም ሆድ ነው ያበጠው። አንዷን እናቷ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፣ አንዱን ዓመት ሙሉ ብረት ተኮሰው።

ስለዚህ ይሄን ያነበብከው ወንድሜ፣ ይሄን ያነበብሽው እህቴ፤ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፣ ዛሬ። ልጃችሁን ስታጥቡ ሆዱን በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ዳብሱ፣ የወንዱንም ፍሬዎች፣ ከመቀመጫው በላይ ያለውንም አጥንት፤ ያ ዕጢ እዚህም ቦታ ይበቅላልና። ጠንከር ያለ፣ የማያምም፣ በፊት ያልነበረ እብጠት ካገኛችሁ ጎረቤት አትጠይቁ፣ ብረት አታግሉ። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይዛችሁት ሂዱ።